ከቀለሙ ይልቅ ፊቱን ማየት፦ የሊንክስ ሸረሪት ጂነሶችን ስለ መለየት
ወደ አሸተን ማርያም ለመስክ ልምምድ ለሚወጡ ተማሪዎች የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ

የዛሬው ገለጻ በመጪው የመስክ ልምምድ ወደ ላስታ፣ ይኸውም ከላሊበላ ከተማ በላይ ወዳለው ወደ አሸተን ማርያም ተራራ ለሚወጡ ተማሪዎች የታሰበ ነው። የምንነጋገረው በሳይንስ ስሙ ኦክሲዮፒዴ፣ በተለምዶ ስሙ ደግሞ ሊንክስ ሸረሪት ስለሚባለው ቤተሰብ ሲሆን ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ከዚህ ቤተሰብ አንዱን ስናገኝ ጂነሱን በምን እንለየዋለን?

ጉዳዩ የስም ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ሁኔታ በሐሳባችን እንሳል። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከእርሷ በላይ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። አንድ ተማሪ በዚህ ሽቅብ መንገድ ላይ፣ 3,000 ሜትር አካባቢ፣ አረንጓዴ ቀለም ያለው ባለ እሾኻም እግር ሸረሪት አግኝቶ «አረንጓዴ ነውና ፔውሴቲያ ነው» ብሎ መዘገበ እንበል። ፔውሴቲያ በአብዛኛው የሞቃት አገር ጂነስ ነው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ተመራማሪ ዝርዝሩን ሲያነብ «የቆላ ሸረሪት ደጋ ወጥቷል፤ ተራራው ሞቋል» ሊል ይችላል። ጽሑፉ ይታተማል፣ ሌላው ይጠቅሰዋል። ሸረሪቱ ግን ገና ያልጎለመሰ፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ኦክሲዮፔስ ቢሆንስ? ያ ሁሉ ክርክር የቆመው በአንድ ብልቃጥ ላይ በተጻፈ የተሳሳተ ስም ነው ማለት ነው። የደጋው ሙቀት መጨመር እውነተኛና ከባድ ጥያቄ በመሆኑ ምክንያት፣ ለማስረጃነት የምናቀርበው ስም በዋዛ ሊሰጥ አይገባውም።

ሁለተኛው ምክንያት እናንተ የምትሄዱበት ቦታ ነው። አሸተን ማርያም ከዐለት የተፈለፈለች፣ በትውፊት ከንጉሡ ከነአኵቶ ለአብ ጋር የምትያያዝ ገዳም ናት። እኛ እዚያ እንግዶች ነን። ስለዚህ ሳንገድል ምን ያህል መለየት እንደምንችል፣ ለየትኛው ባሕርይ ደግሞ የሞተ ናሙና የግድ እንደሚያስፈልግ አስቀድመን ማወቅ አለብን። ገለጻዬም በዚህ ልዩነት ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

በመጀመሪያ ቤተሰቡን እንወቅ። ሊንክስ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚኖር የድመት ወገን አውሬ ነው፤ በአገራችን በመልኩ የሚቀርበው ደልግ አንበሳ የምንለው ነው። ሸረሪቱን ከዚህ አውሬ ጋር የሚያመሳስለው የአደን ጠባዩ ነው፤ በቅጠል ላይ አድፍጦ ይቆይና ድንገት ዘሎ ይይዛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባለልን ያደግን ሰዎች ሸረሪትን ከድሩ ለይተን ማሰብ ያስቸግረናል። ይህ ቤተሰብ ግን በጥቅሉ ማጥመጃ ድር አይሠራም። ክሩን የሚጠቀምበት ሲዘል እንዳይወድቅ እንደ ገመድ ለመታሰርና እንቁላሉን ለመጠቅለል ነው። እርግጥ ነው፣ ተፈጥሮ ደንብን አፍርሳ ማሳየት ትወድዳለችና በኢኳዶር የሚኖር ታፒኒሉስ ሎንጂፔስ የተባለ የዚሁ ቤተሰብ አባል ድር ሠርቶ በማኅበር ይኖራል። እኛ ዘንድ ግን በድር መካከል የተቀመጠ ሸረሪት ካያችሁ ሌላ ቤተሰብ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ቤተሰቡን የሚያስታውቁት ዋና ዋና ምልክቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው እግሩ ላይ ያለው እሾኽ ነው፤ ረጃጅም ሆኖ ከእግሩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሊሠራ እስኪደርስ ወደ ውጭ ቆሞ ይታያል። ሁለተኛው ሆዱ ወደ ኋላ እየሾለ መሄዱ ነው። ሦስተኛውና ወሳኙ የዓይኖቹ አቀማመጥ ነው። ሸረሪቱን ፊት ለፊት ተመልከቱት። ዓይኖቹ ስምንት ናቸው። ከሁሉ በታች እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ሁለት ዓይኖች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከእነርሱ በላይ ያሉት ስድስቱ ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ ይሠራሉ፤ ሁለት ከታች፣ ሁለት ግራና ቀኝ፣ ሁለት ከላይ። ከዓይኖቹ በታች እስከ መንጋጋው ሥር ያለው ፊት ደግሞ ከፍ ያለና እንደ ገደል ቀጥ ብሎ የወረደ ነው። ይህን ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ አንድ ጊዜ በደንብ ያየ ሰው ዳግመኛ አይረሳውም።

ከሌሎች ጋር እንዳይምታታባችሁ በአጭሩ ላነጻጽር። ዘላይ ሸረሪት የሚባለው ቤተሰብ ከፊቱ መካከል እንደ መኪና መብራት የሚያበሩ ሁለት ትላልቅ ዓይኖች አሉት፤ የእኛው ግን በዚያው ቦታ ያሉት ዓይኖች ከሁሉ የሚያንሱ ናቸው። ተኩላ ሸረሪት በአብዛኛው መሬት ላይ ይሮጣል፤ ሴቷም የእንቁላሏን ከረጢት ከሆዷ ጫፍ ላይ አጣብቃ ይዛ ትዞራለች። የሊንክስ ሸረሪት ሴት ግን ከረጢቷን ከቅጠል ወይም ከቅርንጫፍ ጋር አያይዛ አጠገቡ ሆና ትጠብቃለች። ሸርጣን ሸረሪት እግሮቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ይቀመጣል። ከዚህ በላይ እዚህ ላይ መቆየት አያስፈልገንም።

በዓለም ላይ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ 9 ያህል ጂነሶችና ከ400 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለእኛ ሩቅ ናቸው፤ ታፒኒሉስ የላቲን አሜሪካ ነው፤ ሆስቱስ የማዳጋስካር ነው፤ ሀማድሩዋስ የእስያ ነው። በአፍሪካ ዋና ምድር ልታስቡባቸው የሚገቡት ሦስት ናቸው፤ ኦክሲዮፔስ፣ ፔውሴቲያና ሀማታሊዋ። ከቤተሰቡ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በኦክሲዮፔስ ሥር ያሉ ናቸው። ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ስለታም ዓይን ያለው እንደ ማለት ነው። ጂነሱን ፈረንሳዊው ላትሬይ በ1804 እ.ኤ.አ. ሲሰይመው፣ ፔውሴቲያን ደግሞ ስዊድናዊው ቶሬል በ1869 እ.ኤ.አ. ለይቶ አወጣው።

አገራችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይታ አልገባችም። በአንኮበር አቅራቢያ በልት ማረፊያ ከተቀመጠው ከአንቲኖሪ የጣሊያን ጉዞ የተሰበሰቡትን የሸዋ ሸረሪቶች ፒዬትሮ ፓቬዚ በ1883 እ.ኤ.አ. አጥንቶ አሳትሟል። ከዚያም ባሮን ካርሎ ፎን ኤርላንገር በ1899 እና በ1901 እ.ኤ.አ. መካከል በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ከሰበሰባቸው ውስጥ ኖርዌያዊው ኤምብሪክ ስትራንድ በ1906 እ.ኤ.አ. አዳዲስ የኦክሲዮፔስ ዝርያዎችን ሰይሟል፤ ከእነርሱ አንዱ ኦክሲዮፔስ አቤቤ ይባላል። የእነዚያ ዘመን ገለጻዎች አጫጭር ነበሩ፤ ብዙውን ጊዜም የሚመረኮዙት በአልኮል ውስጥ ቆይቶ ቀለሙ በደበዘዘ ናሙና ላይ ነበር። የጂነስ ድንበርም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ሀማድሩዋስ የተባለውን ጂነስ ክሪስታ ዴሌማን ራይንሆልድ ያቋቋመችው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በኦክሲዮፔስ ሥር የነበሩ የእስያ ዝርያዎችም ወደዚያ ተዛውረዋል። ስለዚህ በድሮ ብልቃጥ ላይ ያለን ስም ስታነቡ ስሙ የተሰጠበትን ዘመን አብራችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ መለያዎቹ እንግባ፤ ከሁሉ ደካማ ከሆነው፣ ማለትም ከቀለም፣ እጀምራለሁ። ፔውሴቲያ በሕይወት ሳለ ብዙውን ጊዜ ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ በእግሮቹ ላይ ጥቁር እሾኾችና ነጠብጣቦች፣ በዓይኖቹም አካባቢ ቀላ ያለ ቀለም ሊታይበት ይችላል። ውብ ሸረሪት መሆኑን አልክድም። ችግሩ ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ አረንጓዴው አልኮል ውስጥ ሲገባ ይጠፋል፤ በላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ የምታገኙት ፔውሴቲያ እንደ ገለባ የገረጣ ነው። ሁለተኛ፣ በሕይወት እያለም ቀለሙ ይለወጣል፤ የሰሜን አሜሪካው ፔውሴቲያ ቪሪዳንስ እንደ ተቀመጠበት ተክል ቀለም ቀስ በቀስ ሲለወጥ ታይቷል። ሦስተኛውና ለእኛ አደገኛው፣ አረንጓዴነት የፔውሴቲያ ብቻ ሀብት አለመሆኑ ነው። በምሥራቅ እስያ የሚኖረው ኦክሲዮፔስ ሰርታቱስ አረንጓዴ ነው። እንግዲህ ቀለም ጥርጣሬን ይቀሰቅሳል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

መጠንም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ለአካለ መጠን የደረሰች የፔውሴቲያ ሴት ብዙውን ጊዜ ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ናት፤ አብዛኞቹ ኦክሲዮፔሶችና ሀማታሊዋዎች ከዚያ ያንሳሉ። ነገር ግን ትልቅ ሸረሪት ሁሉ አንድ ቀን ትንሽ ነበር። በመስክ የምታገኟቸው አብዛኞቹ ደግሞ ጫጩቶች ናቸውና መጠንን የምትጠቀሙበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ እጅግ ትልቅ ከሆነ ፔውሴቲያን ጠርጥሩ፤ ትንሽ ከሆነ ግን ምንም አልነገራችሁም።

አሁን ወደ ጠንካራው ምልክት ደረስን፤ እርሱም በዓይኖቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከባለ ስድስት ማዕዘኑ ላይ የላይኞቹን ሁለትና የጎኖቹን ሁለት፣ በድምሩ አራቱን የኋላ ረድፍ ዓይኖች ብቻ ውሰዱ። በኦክሲዮፔስ እነዚህ አራቱ በተቀራረበ ርቀት ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው፤ ከላይኛው እስከ ላይኛው ያለው ክፍተት ከላይኛው እስከ ጎኑ ካለው ጋር ይመጣጠናል። በሀማታሊዋ ግን ሁለቱ ላይኞች እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እያንዳንዳቸው ከጎናቸው ካለው ዓይን ከሚርቁበት ይበልጣል። በፔውሴቲያ ደግሞ የኋላው ረድፍ የሚሠራው ቅስት ከሁለቱ ይልቅ ላላ ያለ ነው። ይህን ሁሉ በሕይወት ያለውን ሸረሪት በግልጽ ብልቃጥ ውስጥ አስገብቶ፣ ከበስተ ኋላው በስፖንጅ ቀስ አድርጎ ወደ መስታወቱ አስጠግቶ፣ 10 እጥፍ በሚያጎላ የእጅ አጉሊ መነጽር ማየት ይቻላል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሸረሪቱ እግሩን በፊቱ ላይ ያደርጋል፣ ይዞራል። ቢሆንም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነጻ ወጥቶ ወደ ቅጠሉ ይመለሳል።

ከዓይን ቀጥሎ እግሮቹን አነጻጽሩ። በኦክሲዮፔስ አራተኛው እግር ከሦስተኛው በግልጽ ይረዝማል። በሀማታሊዋ ሁለቱ የፊት ጥንድ እግሮች ጎልተው ይረዝማሉ፤ አራተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው አይበልጥም። የሀማታሊዋ አኗኗርም ይረዳል፤ በደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ተለጥፎ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ አካሉ ጠጉራም፣ ቀለሙም ልጣጭ መሳይ በመሆኑ ሰው ጉጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። በአንጻሩ ብዙ ኦክሲዮፔሶች በሣርና በሰብል ጫፍ ላይ ይሯሯጣሉ፤ በብዙዎቹም ፊት ላይ ከዓይን ጀምረው በመንጋጋው ላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ በሁሉም ላይ የሉም፤ ሲኖሩ ግን ጥሩ ድጋፍ ናቸው። ፔውሴቲያን የሚፈልግ ደግሞ ቅጠላቸውና ግንዳቸው የሚያጣብቅ ተክሎችን ይፈትሽ። በብራዚል የተደረጉ ጥናቶች የዚህ ጂነስ ዝርያዎች የሚያጣብቅ ጠጉር ባላቸው ተክሎች ላይ መኖርን እንደሚመርጡ አሳይተዋል፤ ተክሉ ትናንሽ ነፍሳትን ይዞ ያቆይላቸዋል።

እስካሁን የጠቀስኩት ሁሉ ያለ ደም የሚገኝ ነው። ቀሪው ግን አይደለም። ፔውሴቲያን ከሁለቱ የሚለየው አስተማማኙ ምልክት በመንጋጋው ላይ ያለ ጥርስ ነው። የሸረሪት መርዝ ጥርስ ሲታጠፍ የሚያርፍበት ጎድጓዳ መስመር አለ፤ የዚያ መስመር የኋላ ጠርዝ በኦክሲዮፔስና በሀማታሊዋ አንድ ትንሽ ጥርስ ሲኖረው በፔውሴቲያ ግን ባዶ ነው። ይህ ምልክት በጫጩቶችም ላይ ስለሚሠራ ዋጋው ከፍተኛ ነው። ነገር ግን በሕይወት ያለ ሸረሪት አፉን ከፍቶ ጥርሱን አያስቆጥርም። ናሙናው በአልኮል ውስጥ ሆኖ፣ መርዝ ጥርሱ በመርፌ ተከፍቶ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር መታየት አለበት። በጎለመሰ ወንድ ላይ ተጨማሪ ማረጋገጫ አለ፤ ከአፉ አጠገብ ባለው፣ ለመራቢያ በሚጠቀምበት እግር መሰል አካል ጫፍ ላይ ፔውሴቲያ ከሥሩ የወጣ ተጨማሪ ቅጥያ አለው፤ ኦክሲዮፔስ ይህ የለውም። የአፍሪካን የፔውሴቲያ ዝርያዎች በ1994 እ.ኤ.አ. የከለሱት ፋን ኒከርክና ዲፔናር ሹማንም ዝርያን ከዝርያ ለመለየት የተመኩት በዋነኛነት በወንድና በሴት የመራቢያ አካላት ላይ ነው። ስለዚህ በጫጩት ላይ የዝርያ ስም አትጻፉ፤ የጂነስ ስም ይበቃል።

ታዲያ መቼ ነው ናሙና መያዝ የሚገባው? የእኔ አቋም ይህ ነው። ኦክሲዮፔስ እንደሚገኝበት በሚጠበቅ ቦታ ዓይኑና እግሩ ኦክሲዮፔስ የሚለውን ሸረሪት ገድሎ ማምጣት ከልማድ በቀር ምክንያት የለውም፤ ፎቶግራፍና ማስታወሻ ይበቃሉ። በ3,000 ሜትር ላይ ፔውሴቲያ አገኘሁ የሚል ግን እንግዳ ነገር እየተናገረ ነውና ቃሉን በናሙና ማስደገፍ አለበት፤ ከተቻለ አንድ የጎለመሰ፣ ከተቻለም ከቅጥሩ ውጭ። ከመነሻውም አበምኔቱን ወይም ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ። በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ያሉ የወይራና የጽድ ዛፎችን ቅርንጫፍ እየደበደባችሁ ከሥሩ ጨርቅ አትዘርጉ፤ ያ ዘዴ ከመንገዱ ዳር ላሉ ቁጥቋጦዎች ይሁን። በሰብል ውስጥም የገበሬው ፈቃድ ሳይኖር መረብ አይወዛወዝም። ሸረሪቶቹ የሰብል ነፍሳትን የሚበሉ መሆናቸውን ለባለ ማሳው መንገርም ጨዋነት ነው።

ስለ ማስታወሻ ወረቀቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ እንደ ተራ ነገር ስለሚታይ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። በብልቃጥ ውስጥ የሚገባው ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። ቀኑን ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ግለጹ። ያለዚያ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያለምንም ምልክት በመዝገባችን ውስጥ ይገባል፤ ወሩም አብሮ ይዛባል። የቦታውን ስም ብቻ ጽፋችሁ አታቁሙ፤ አሸተን በላቲን ፊደል አንዴ አሸቶን፣ አንዴ አሸታን እየተባለ ይጻፋልና ከፍታውንና የቦታውን መለኪያ ቁጥር ጨምሩ። ሸረሪቱ የተቀመጠበትንም ተክል ጻፉ። በሕይወት ሳለ የነበረውን ቀለም መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ቀለም ፍርድ አይሰጥም አልኩ እንጂ አይጠቅምም አላልኩም፤ አልኮል ከወሰደው በኋላ ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ከተሰብሳቢው ሁለት ጥያቄዎች ቀርበውልኛል።

የመጀመሪያው፣ በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ጂነስን ለመለየት ይበቃል ወይ የሚል ነው። ይበቃል፤ ከፊት ከተነሣ። ሰዎች ሸረሪትን ፎቶ የሚያነሡት ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከላይ የሚታየው ቀለሙና የሆዱ ጌጥ ነው፤ ይኸውም ከምልክቶቹ ሁሉ ደካማው ነው። ሦስት ፎቶ አንሡ፤ አንድ ፊት ለፊት ዓይኖቹ እንዲታዩ፣ አንድ ከጎን፣ አንድ ከላይ እግሮቹ ተዘርግተው ሳለ። ከጎኑ ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ ይቀመጥ። የላይኞቹ ዓይኖች በፎቶው ላይ ካልተለዩ ግን «ኦክሲዮፒዴ፣ ጂነሱ ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ሙሉና የተከበረ መልስ ነው።

ሁለተኛው፣ ይናደፋል ወይ፣ ለሕፃናት አያሰጋም ወይ የሚል ነው። ከጥቂቶች በቀር ሸረሪት ሁሉ መርዝ አለው፤ ሊንክስ ሸረሪት ግን ለሰው ሕይወት አያሰጋም። የአሜሪካው ፔውሴቲያ ቪሪዳንስ ቢነክስ የተነከሰው ቦታ ያምማል፣ ያብጣልም። ይህችው ሸረሪት እንቁላሏን ስትጠብቅ መርዟን በሩቁ ወደ መጣባት ጠላት የምትረጭ መሆኗም ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ከረጢቷ አጠገብ ያለችን ትልቅ ሴት ፊታችሁን አስጠግታችሁ አትመልከቱ። በብልቃጥም አትያዟት፤ ከረጢቱ ያለ ጠባቂ ይቀራልና።